ቀበጥ የተንጠለጠለችበት ክር

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የከተማው የሰማይ አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት፣ መስኮት ቁጥር አራት፣ የሲራክ ተሾመን ፎቶ ለሰባተኛ ጊዜ መለሰ። ምክንያቱ ከፎቶው ግርጌ በአረንጓዴ ተጽፏል። ቀይ ቀለም ባለጉዳይ ያስደነግጣል ተብሎ ከቀረ ቆይቷል።

«ንብረቱ አይበርም። በክር ተንጠልጥሏል።»

«ምን ክር?» አለ ሲራክ።

ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ወይዘሪት የሺመቤት ፎቶውን አጉልታ አሳየችው። እውነትም ከትንሿ ሄሊኮፕተር አናት ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር አለ። ሲራክ ፎቶውን ሲያነሳ ክር አልነበረም። ከሄሊኮፕተሯ በላይ የነበረው ሰማይ ብቻ ነው፤ ሰማይ ላይ ደግሞ፣ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ፣ ክር ይዞ የሚቆም ሰው የለም።

«ይኼን የጨመረው ካሜራው ነው።»

«ካሜራ አይጨምርም፤ ያርማል» አለች የሺመቤት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ግን ጡረታዋ የተቃረበ ሰው እርጋታ አለው። «ክንፎቿን ይዩአቸው። አንድ፣ ሁለት። ቁልጭ ብለው ቆመዋል። ክንፉ የቆመ ነገር አየር ላይ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ የሆነ ነገር ይዟታል ማለት ነው። ካሜራው የያዛትን ነገር አሳየዎት።»

«ክንፏ የቆመው እኮ ካሜራው ስላቆመው ነው! በደቂቃ ሁለት ሺህ ጊዜ ነው የሚዞረው። በዐይን ሲያዩት ጭጋግ ነው የሚመስለው። ካሜራው ደግሞ ጭጋጉን ብዥታ ነው ብሎ ያጸዳዋል።»

«ብዥታ ያለበት ፎቶ አንቀበልማ።»

«አውቃለሁ።»

«ለዚህ ነው የሚያጸዳልዎት።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!»

«‹አልኩዎት› ቢሉኝ ደስ ይለኛል» አለች፣ ሳትቆጣ። ከኋላው ላሉት ባለጉዳዮች «ቀጣይ!» አለች።

የከተማው ሽማግሌዎች «ሲስተም የለም» ይባል የነበረበትን ዘመን እያነሱ የሚያዝኑት በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ያን ጊዜ ሰው ተበሳጭቶ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱም የኔትወርክ ነበር። አሁን ሲስተም ሁልጊዜ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በሰው እጅ የሚነዳ ማንኛውም ነገር ሰማይ ላይ አይታይም። ሰማዩ ለሥራ ይፈለጋል። ከአዋጁ የሚተርፈው «በራሪ ቅርስ» ተብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ደግሞ ንብረቱ ሲበር የሚያሳይ አንድ ፎቶ ነው። አንድ ብቻ። መብረሩ ያልተረጋገጠ ነገር «ጌጥ» ይባላል፤ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ልኮ የባትሪ ማስገቢያውን በሙጫ ይሞላውና ከማቆሚያ ላይ ያጣብቀዋል። ቆንጆ ማቆሚያ ነው፤ ይህን ሁሉም ይመሰክራል።

አንድ ሰው ሄሊኮፕተሯ የምትበርበት ጨለለቃ ሐይቅ ዳር ድረስ መጥቶ በዐይኑ ቢያይስ? የዐይን ምስክር ማስረጃ መሆኑ ከቀረ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል። ቪዲዮም የቀረው በዚያው ሰሞን ነው፤ ማንም ሰው ቁርሱን እየበላ ያሻውን ቪዲዮ መፍጠር ሲጀምር። የተረፈው ማኅተም ካለው ካሜራ የወጣ ቋሚ ፎቶ ነው። ማኅተሙ የተደረገው ሰው ፎቶውን እንዳይነካካው ነው። ካሜራው ራሱ የሚነካካው ግን መነካካት አይባልም።

ሲራክ ጎኑ ላይ ያለውን ካሜራ እየዳበሰ ወጣ። ቢወረውረው አንጀቱ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ግን ማኅተም ያለው ካሜራ መጣል በራሱ የሚያስጠይቅ ነው፤ ወድቆ ሳለም ፎቶ ያነሳል።

---

ሄሊኮፕተሯ የጋሽ ማክቤል ናት። ጋሽ ማክቤል፣ ስማቸው እንደሚያሳብቀው፣ ያለፈው ዘመን ሰው ናቸው፤ በሰፈሩ ማክቤል፣ ናታን፣ ኤልዳና የሚባል ሁሉ ጡረተኛ ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ክንዳቸውን የምታህለውን ሄሊኮፕተር ከተጣለ የውሃ ፓምፕ ሞተር፣ ከልብስ ስፌት መኪና ጥርሶችና ከአንድ ዣንጥላ ዘንግ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አፍርሰው ሦስት ጊዜ ሠርተዋታል። በሪሞት ነው የሚያበሯት። ነፋስ ሲነካት ስለምትሽኮረመም ቀበጥ ብለዋታል። የሻይ ብርጭቆ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥና ግማሹ ይፈስሳል፤ ሪሞቱን ሲይዙ ግን ቀጥ ይላል። ሐኪሙ ምክንያቱን አላወቀም። ጋሽ ማክቤልም አልጠየቁትም።

ሲራክ ከእሳቸው ጋር የተዋወቀው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ሥራው ምሳ አመላላሽ ድሮኖች በስህተት ሰው በረንዳ ላይ ያወረዱትን ምሳ ባለቤት ማፈላለግ ነው፤ የጋሽ ማክቤል በረንዳ ላይ የወረደ ጥብስ ሊወስድ ሄዶ (ጥብሱ ተበልቶ ነበር) ግድግዳው ላይ አንድ የወረቀት ፎቶ አየ። ሽማግሌው በልጅነታቸው ያነሱት ነው። አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ናት፤ አካሏ ጥርት ብሏል፣ ብሎኗ ይታያል፣ ክንፎቿ ግን የሉም። በክንፎቿ ቦታ ያለው ክብ ጭጋግ ነው፤ ትንፋሽ መስተዋት ላይ ሲያርፍ እንደሚሠራው ያለ።

«ይቺ ትበራለች» ብሎ ነበር ሲራክ፣ ሳያስበው።

«የካሜራው መዝጊያ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ታደርገዋለህ» አሉት ጋሽ ማክቤል። «ፈጥኖ ከተዘጋ ክንፏ ይቆምና ከሱቅ የገዛሃት መጫወቻ ትመስላለች። ቀስ ሲል ክንፏ ይሟሟል። ግን አንተም አብረሃት መዞር አለብህ። ከወገብህ። ትንፋሽህን ይዘህ። አለዚያ ሁሉም ነገር ይሟሟል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲራክ አራት ሺህ ያህል ፎቶ አንስቷል። ከወገቡ መዞርን፣ ትንፋሽ መያዝን፣ በመዞሩ መሃል ቁልፉን መጫንን ተማረ። የካሜራው መዝጊያ ግን ቀስ አይልም፤ የሚያዘገየው ነገር የለውም። ድሮ የነበሩት ካሜራዎች ለእርማት ተሰብስበው ሄደዋል። አራት ሺህ ፎቶ፣ ስምንት ሺህ የቆመ ክንፍ።

---

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ እታገኝ ልብስ እየሰበሰበች ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ስድስት ሰዓት ሲሆን የምሳ ጥላ ይጀምራል፤ የከተማው ምሳ በሙሉ በአንድ ጊዜ በሰማይ ሲያልፍ ለሃያ ደቂቃ ያህል ፀሐይ አይታይም፤ በዚያ ሰዓት የተሰጣ ልብስ ላይ ወጥ ይንጠባጠባል።

«ዛሬስ ምን አሉህ?»

«ክር አለባት አሉኝ።»

«አለባት እንዴ?»

«እታገኝ!»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?»

ጨለመ። እታገኝ መብራት አበራች። ግድግዳው ላይ የሰርጋቸው ፎቶ አለ፤ በየዓመቱ በሚመጣው እርማት ምክንያት አሁን ማንም ሰው የሚያውቀው ሰርግ አይደለም። መጀመሪያ የሲራክ ፍንጭት ተሞላ። ቀጥሎ የአማቱ ዐይን ተስተካከለ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ አጎቱ ከፎቶው ወጡ፤ እስክስታ ላይ ስለነበሩ ብዥ ብለው ነበር። አሁን እሳቸው በነበሩበት ቦታ የአበባ ማስቀመጫ አለ።

«ሰው ሚስቱን ያነሳል» አለች እታገኝ። «አንተ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሽማግሌ መጫወቻ።»

«አንቺን ሳነሳ ሌላ ሴት ናት የምትወጣው።»

«ከእኔ ትሻላለች?»

«አላውቃትም።»

እታገኝ ሳቀችና ቶሎ ሳቋን ዋጠችው። «አርብ ነው አይደል ሊያሽጓት የሚመጡት? ሽማግሌው ምን ይላሉ?»

«‹እሷን ሙጫ ከሞሏት እኔንም አብረው ይሙሉኝ› አሉ።»

«እና ምን ታደርጋለህ?»

ሲራክ የካሜራውን ሌንስ ይወለውል ጀመር። ጥላው አልፎ ፀሐይ ስትመለስ እታገኝ ልብሱን መልሳ ልታሰጣ ወጣች።

---

ረቡዕ ጨለለቃ ሄዱ። ሐይቁ ሲሸሽ የሚተወው ሜዳ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት በእጅ ማብረር እስካሁን ይፈቀዳል፤ ሲራክ ዐዲስ ሐሳብ ይዞ መጥቷል።

«ዝቅ አድርገው ያብርሯት ጋሼ። አቧራው ይነሳ። በክር የተንጠለጠለ ነገር አቧራ አያስነሳም።»

«ይኼን ካንተ አልጠበቅኩም» አሉ ጋሽ ማክቤል፣ እንደ ማድነቅም እንደ መሳደብም አድርገው። ቀበጥን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገው አስቆሟት። አቧራው ተግተለተለ። ሲራክ ዐይኑን እየጠራረገ፣ እያስነጠሰው፣ አነሳ።

መልሱ በአራት ሰከንድ መጣ። ካሜራው አቧራውን አጽድቶታል፤ የተኛውንም ሣር አቃንቶታል። «ንብረቱ አይበርም። በክር ተንጠልጥሏል። አካባቢዎን በንጽሕና ስለያዙ እናመሰግናለን።»

ሐሙስ ዕለት ሐሳቡ የጋሽ ማክቤል ሆነ። «ገልብጬ ላብርራት?»

«ይችላሉ?»

«አንተ ልጅ፣ ትሰድበኛለህ?»

ገለበጧት። ቀበጥ እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ክንፏ ወደ መሬት ዞሮ፣ እየተንጫጫች ቆመች። ጋሽ ማክቤልም እንደ ምስክር እዚያው ፎቶው ውስጥ እንዲገቡ ተስማሙ። ሲራክ ከወገቡ ዞረ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ተጫነ።

ካሜራው ሄሊኮፕተር ተገልብጣ እንደማትቆም ያውቃል። ስለዚህ ፎቶውን አቃናው። መሬቱ ወደ ላይ ሲወጣበት ጊዜ ሰማይ አድርጎ ቀባው።

«ንብረቱ አይበርም። በክር ተንጠልጥሏል። ከንብረቱ በላይ ግን አንድ አዛውንት ያለ ፈቃድ፣ ተዘቅዝቀው፣ በመብረር ላይ ናቸው። የአዛውንቱን ክብደት ይግለጹ።»

ጋሽ ማክቤል ሳቁ። ቆመው ሳቁ፣ ተቀምጠው ሳቁ፣ ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዕንባቸውን ጠረጉ። «ሥልሳ አንድ ኪሎ በላቸው!»

ሲራክ አልሳቀም። ፎቶውን እያየ ነበር። ክንፎቿ እዚህም ቆመዋል። አንድ፣ ሁለት።

ሽማግሌውም ሳቃቸው አለቀና እጃቸውን ተመለከቱ። ሪሞቱን ስለለቀቀ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «ነገ ነው አይደል?» አሉ።

---

አርብ ሦስት ሰዓት ላይ የሺመቤት ብቻዋን ጨለለቃ መጣች። ጽሕፈት ቤቱ ለአንድ ጌጥ ሁለት ሠራተኛ አይልክም። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ ሙጫ፣ ማኅተምና አንድ ትልቅ መቀስ።

«መቀሱ ምንድን ነው?» አለ ሲራክ።

የሥራ ማዘዣዋን ታብሌቷ ላይ ከፍታ አነበበችለት። «ተራ አንድ፤ ንብረቱ በተንጠለጠለበት ቦታ መኖሩ ይረጋገጥ። ተራ ሁለት፤ ክሩ ይቆረጥ፣ ፎቶ ይነሳ። ተራ ሦስት፤ ንብረቱ ይታሸግ።» ቀና አለች። «የት ነው የተንጠለጠለችው?»

ቀበጥ መሬት ላይ፣ የጋሽ ማክቤል እግር ሥር ነበረች።

«ተራ አንድን ካልፈጸምኩ ተራ ሦስት አይከፈትልኝም» አለች የሺመቤት። «መንጠልጠል አለባት።»

«ሰባት ደቂቃ ባትሪ አላት» አሉ ጋሽ ማክቤል። «ልጄ፣ ስትንጠለጠል ማየት ከፈለግሽ ወደ ኋላ በይ። ነጠላሽን ያዢ።»

ቀበጥ ተነሳች። መጀመሪያ ትንሽ ተሽኮረመመች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ወጥታ የሜዳውን ዳር ይዛ ዞረች፣ ውሃው ላይ ሄዳ ተመለሰች፣ ከየሺመቤት አናት በላይ ቆመች። ነጠላዋ ተርገበገበ። የሺመቤት አፏን ከፍታ ሽቅብ ታያለች። በሕይወቷ ሰው የሚያበረው ነገር አይታ አታውቅም፤ የምታውቃቸው የሚበሩ ነገሮች ሁሉ ምሳ የያዙ ናቸው።

«ትበራለች እኮ» አለች።

«ይጻፉታ!» አለ ሲራክ፣ ወደ እሷ ሮጦ። «አሁን ያሉትን ይጻፉት!»

«የት ላይ?» ቅጹን አዞረችለት። የእውነቷን ነው የጠየቀችው። ሲራክ ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ቦታ የለም። ስም፣ ቁጥር፣ ክር፣ ሙጫ፣ ፊርማ።

«አራት ደቂቃ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ማክቤል።

የሺመቤት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ተራ አንድ ተረጋግጧል። ተራ ሁለት፤ ክሩ…» መቀሷን አወጣችና ዙሪያዋን አየች። «አቶ ሲራክ፣ ክሩን ያሳዩኝ።»

የአሥራ አንድ ዓመቱ ብስጭት ያን ጊዜ ገነፈለ።

«እኔ ላሳይሽ? እኔ? ክር አላት ያልሽኝ አንቺ! አጉልተሽ ያሳየሽኝ አንቺ! ዘጠኝ ጊዜ አይደለም እንዴ ክር፣ ክር ያላችሁኝ? ይኸው መቀስሽ! ይኸው ሰማዩ! ቁረጪዋ! ቁረጪያ!»

የሺመቤት አየችው። ‹ይቁረጡ ይበሉኝ› አላለችም። መቀሷን ይዛ ቀበጥ ሥር ሄደች፤ በጣቶቿ ቆመች፤ ክንዷን እስኪበቃት ሽቅብ ዘርግታ አየሩን ቆረጠች። ቀጭ። ለጥንቃቄ ደገመችው። ቀጭ። ተመልሳ ቅጹ ላይ «ክሩ ተቆርጧል» የሚለውን ነካች።

«ፎቶ ይነሳ ይላል» አለች። ቦርሳዋን በረበረች፣ እንደገና በረበረች። «ካሜራዬን መስኮቱ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት። የእርስዎ ማኅተም አለው አይደል?»

«ሁለት ደቂቃ!»

ሲራክ ንዴቱ ሳይበርድ ካሜራውን አነሳ። ግን ልማድ ነው፤ ቀበጥ ስትዞር አብሮ ከወገቡ ዞረ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ በመዞሩ መሃል ተጫነ።

አራት ሰከንድ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አምስተኛ ሰከንድ። ስድስተኛ። መልሱ የመጣው ለየሺመቤት ነው፤ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ክሩ ተቆርጧል። የንብረቱ ክንፍ ቆሟል። ንብረቱ አየር ላይ ነው። ስለዚህ ንብረቱ በመውደቅ ላይ ነው። ጉዳዩ ወደ አየር አደጋዎች ክፍል ተመርቷል። ንብረቱ መሬት መድረሱን የሚያሳይ ፎቶ እስኪቀርብ ድረስ ፋይሉ ክፍት ይሆናል። እስከዚያው ንብረቱን ማሸግ፣ ማገድ ወይም መንካት ክልክል ነው።»

ለራሷ ደግማ አነበበችው። «ተራ ሦስት ጠፋ» አለች።

«ምን ማለት ነው?» አለ ሲራክ።

«ወድቃ እስክትጨርስ ማንም አይነካትም ማለት ነው።»

በዚህ መሃል ከጀርባዋ ቀበጥ ባትሪዋ አለቀ። ጋሽ ማክቤል ቀስ አድርገው አወረዷት። ደረቁ ጭቃ ላይ አረፈች፤ ክንፏ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ ቆመ። ሦስቱም አዩዋት። ሲራክ ካሜራውን ይዟል። ቀስ ብሎ ሌንሱን በመዳፉ ሸፈነው።

የሺመቤት ፊቷን ወደ ከተማው አዞረች፤ መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ያልተነሳ ነገር አልታየም» አለች። «ሕጉ እሱ ነው። እኔ አላወጣሁትም።»

«እና እስከ መቼ ነው የምትወድቀው?» አሉ ጋሽ ማክቤል።

«ፋይሉ የጊዜ ገደብ የለውም፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ቀስ ብላ ትውደቅ» አሉና ባትሪ ሊቀይሩ ጎንበስ አሉ።

---

አራት ወር አለፈ። የከተማው ሰማይ ላይ በእጅ የሚነዳ ነገር የለም፤ አንዲት በመውደቅ ላይ ያለች ሄሊኮፕተር ግን ከእሑድ በቀር በየቀኑ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ጨለለቃ ላይ ትታያለች። ሲራክ በየማለዳው መልእክት ይደርሰዋል። «ንብረቱ አሁንም በመውደቅ ላይ ነው። በትዕግሥት ስለሚጠብቁ እናመሰግናለን።» ባለፈው ሳምንት ከአደጋዎች ክፍል ሥነ ልቦና አማካሪ ደውሎላቸው፣ ጋሽ ማክቤል አርባ ደቂቃ አዋርተውታል።

የአርቡን ፎቶ ሲራክ በደንብ ሳያየው ነው የቆየው። አንድ ቀን በምሳ ጥላ መብራት አብርቶ አጎላው። እንደፈራው ነው። ክንፎቿ ቆመዋል። አንድ፣ ሁለት። የብሎኖቹ ጥርስ ሳይቀር ይቆጠራል። ሊዘጋው ሲል ከክንፎቹ በላይ ያለውን አየ።

ካሜራው የተቆረጠውን ክር ስሎታል። የላይኛው ጫፍ ቀጥ ብሏል። የታችኛው ግን፣ ሄሊኮፕተሯ አናት ላይ የቀረው ቁራጭ፣ እየተገረፈ፣ እየተጠማዘዘ፣ ክብ ሠርቶ ይዞራል። ብዥ ብሏል። ተሟሟል። ትንፋሽ መስተዋት ላይ ሲያርፍ እንደሚሠራው ያለ ጭጋግ። ካሜራው የሰውን ሥራ ነው የሚያርመው፤ የራሱን አያርምም።

እታገኝ የሰበሰበችውን ልብስ እንዳቀፈች ከኋላው መጥታ ቆመች።

«ምንድን ነው እንዲህ ያፈዘዘህ?»

«ክሩ ነው።»

«ክር የለም ስትል አልነበር እንዴ?»

«የለም» አለ ሲራክ። ፎቶውን ትንሽ ጨምሮ አጎላው። «ግን እሱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።»